ልብ የወለደው ሰው በምናውቀው መንገድ ሲሄድ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው፣ ፍኖተ ሰላምን አልፎ ቡሬ ከመድረሱ በፊት ማንኩሳ የምትባል ከተማ ያገኛል። መንገደኛው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካላነበበ፣ ማንኩሳ እስከዚያ ድረስ ካለፋቸው የመንገድ ዳር ከተሞች የተለየች አትሆንበትም፤ የቆርቆሮ ቤቶቹንና ባጃጆቹን አይቶ ያልፋል። ያነበበው ሰው ግን ስሟ ሲጠራ ቀና ይላል፤ በመስኮቱ አሻግሮ እያየ የልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ የበዛብህ ወላጆች፣ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ፣ ቤት በየት በኩል ሊሆን ይችል እንደነበር በዓይኑ ይፈልጋል፤ ሁለቱን ሰዎች ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልባቸው የፈጠሯቸው መሆኑን አሳምሮ እያወቀ ይፈልጋል። እኔም መጀመሪያ በዚያ ሳልፍ ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ምን እንደምፈልግ ሳይጠይቁኝ ገብቷቸው «አዎ ልጄ፣ የበዛብህ አገር ነው» አሉኝ፤ አነጋገራቸው ዘመዳቸው ስለሆነ ሰው የሚያወሩ ያስመስል ነበር።

ሰው የሚያውቀውን እውነተኛ ቦታ በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ሲያገኝ፣ ወይም በፈጠራ ታሪክ ያወቀውን ቦታ በአካል ሲያገኝ የሚሰማውን ደስታ ብዙ አንባቢ ያውቀዋል፤ ምክንያቱን ግን ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ «የአገር ፍቅር ነው» ወይም «ትዝታ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም አሉበት፤ ነገር ግን አይበቁም፤ ያው ሰው የሰፈሩን ስም በጋዜጣ ዜና ላይ ወይም በውሃ ክፍያ ደረሰኝ ላይ ሲያነብ እንዲህ ያለ ስሜት አይሰማውምና። ደስታው የሚመጣው ቦታው እውነት፣ ሰዎቹ ደግሞ ፈጠራ ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ምክንያቱን መፈለግ ያለብን ሁለቱ በሚጋጠሙበት ስፍራ ላይ ነው።

«ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ራሱ ለዚህ ፍለጋ ይረዳናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውና በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው መጽሐፍ ርእሱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ስሙም ይገባዋል፤ በዚያ ታሪክ ጦርነት፣ ምርኮ፣ እንግልትና ንጉሥ አሉ፣ አንባቢ ግን «ይህ የእነእገሌ አገር ነው» ብሎ ጣቱን የሚቀስርበት ስፍራ አያገኝም። ሰዎቹም ምድሪቱም ልብ የወለዳቸው ናቸው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ግን የአማርኛ ልብ ወለድ ረጅም መንገድ ሄዶ ነበር። በዛብህ ከማንኩሳ ይነሣል፣ ዲማ ጊዮርጊስ ይገባል፤ ዲማ ደግሞ ደራሲው በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ሲሆን ዛሬም በምሥራቅ ጎጃም በስፍራው አለ። በዛብህንና ፍቅረኛውን ሰብለ ወንጌልን ልብ ወልዷቸዋል፤ መሬቱን ግን አንባቢው በእግሩ ሄዶ ሊረግጠው ይችላል።

ይህ መጋጠም በአንባቢው ላይ ምን እንደሚሠራ ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር ልፍጠር፦ «ሰውየው ከአራት ኪሎ በእግሩ ተነሥቶ ፒያሳ ሲደርስ ላብ አጥምቆት ነበር።» አዲስ አበባን የማያውቅ አንባቢ ይህን ሲያነብ ምክንያት ይፈልጋል። መንገዱ ሩቅ ይሆን? ቀኑ ሞቃት ነበር? ሰውየው ታምሟል? ደራሲው እንዲያስረዳው ይጠብቃል። ከተማዋን የሚያውቀው ግን መልሱ በጉልበቱ ውስጥ አለ፤ ከአራት ኪሎ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁለት ነው፣ ከድልድዩ እስከ ፒያሳ ደግሞ አቀበት ነው፣ ያንንም አቀበት ተማሪ ሳለ ለታክሲ የሚከፍለው አጥቶ፣ ወይም ዝናብ ሊያመልጥ እየሮጠ ወጥቶታል። ደራሲው ስለ ድልድዩም ስለ አቀበቱም አንዲት ቃል አልጻፈም፤ የጎደለውን የሞላው አንባቢው ነው። በሌላ ገጽ ላይ ደራሲው የሚናገረውን እየሰማ ሲከተል የቆየ ሰው፣ እዚህ ቦታ ላይ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ከደራሲው ጎን ቆሞ ታሪኩን ሲሠራ ራሱን ያገኘዋል። የደስታው አንዱ ሥር ይህ ይመስለኛል፤ ትልቁም ሥር እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አማርኛችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ቋንቋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤቱን በጎዳና ስምና በቁጥር አያመለክትም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ በስተግራ ባለው ቅያስ ገባ ብሎ እያለ ነው የሚያስረዳው። ስለዚህ የአማርኛ ታሪክ ውስጥ ገጸ ባሕርይ ሲንቀሳቀስ ግሡ ራሱ የመሬቱን አቀማመጥ ይዞ ይመጣል። ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ይወረዳል፤ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ይወጣል። «ወረደ» እና «ወጣ» የሚሉት ቃላት የከተማዋን ካርታ በውስጣቸው ያዙ ማለት ነው፤ ለማያውቃት ተራ ግሦች ናቸው፣ ለሚያውቃት ግን ዳገቱንና ቁልቁለቱን ያሳያሉ። የቦታ ስሞቹም እንዲሁ ናቸው። ለገሃር የሚለው ስም የባቡር ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው፤ ይህን የማያውቅ የከተማዋ ልጅ እንኳ ስሙን ሲሰማ አሮጌውን የጅቡቲ ባቡር ጣቢያና ከፊቱ ያለውን የአንበሳ ሐውልት በዓይነ ሕሊናው ያያል፣ ምናልባትም የወያላውን ጥሪ በጆሮው ይሰማል።

ቦታና ትዝታ እንዲህ የሚያያዙት በአጋጣሚ አይደለም። ጆን ኦኪፍ የተባሉ ተመራማሪ በ1971 እ.ኤ.አ. አይጦችን ሲያጠኑ፣ ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ እንስሳው አንድ የተወሰነ ስፍራ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚነቁ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ፤ ለዚህም ሥራ ሜይ ብሪት ሞዘርና ኤድቫርድ ሞዘር ከተባሉት ባልደረቦች ጋር የ2014 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል። በሰው ዘንድ ይኸው የአንጎል ክፍል በራሳችን ላይ የደረሰውን ነገር ለማስታወስም ያገለግላል። የት እንዳለን የምናውቅበትና ምን እንደደረሰብን የምናስታውስበት ጎተራ አንድ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ይህ ግኝት ስለ ልብ ወለድ ንባብ የተነገረ አይደለም፤ ነገር ግን የአንድ ሰፈር ስም ከገጽ ላይ ሲነሣ የአቧራው ሽታ፣ የሱቁ በር ድምፅና የአንድ የሞተ ጓደኛ ፊት ለምን አብረው እንደሚነሡ ለመረዳት መንገድ ይከፍትልናል። አንባቢው ስሙን ብቻ ነው ያነበበው፤ የተነሣው ግን በስሙ ዙሪያ የተከማቸው ሁሉ ነው።

በዚህ ምክንያት ቦታውን የሚያውቅ አንባቢ ጥብቅ ዳኛ ይሆናል። አንድ ገጸ ባሕርይ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ቁልቁል እየሮጠ ፒያሳ ደረሰ ተብሎ ቢጻፍ፣ አዲስ አበባን የሚያውቅ አንባቢ እዚያው ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ገጸ ባሕርይው ፍቅርና ኀዘን የሚነገረውንም በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ይህ ጥቃቅን ነገር ፈላጊነት አይመስለኝም። ደራሲው እውነተኛ ስም ሲጠቀም ለአንባቢው «አንተ በምታውቀው ላይ ነው የምገነባው» ብሎ ቃል ገብቶለታል፤ መሠረቱን ካሳሳተ ቃሉን አጥፏል። አየርላንዳዊው ጄምስ ጆይስ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። በ1922 እ.ኤ.አ. የታተመውን «ዩሊሲስ»ን የጻፈው ከተወለደባት ከደብሊን ርቆ በትሪየስቴ፣ በዙሪክና በፓሪስ እየኖረ ነው፤ ሆኖም ለአክስቱ ደብዳቤ ልኮ፣ በኤክልስ ጎዳና ቁጥር 7 አንድ ተራ ሰው የብረቱን አጥር ተሻግሮ ሳይጎዳ ወደ ታች መውረድ ይችል እንደሆነ እንድታጣራለት ጠይቋታል። ገጸ ባሕርይው ቁልፉን ረስቶ ወደ ገዛ ቤቱ በዚያ መንገድ መግባት ነበረበት። አጥሩን የሚያውቁ የደብሊን ሰዎች እንዲያምኑት የፈለገው ጆይስ ይህን ያህል ተጠንቅቋል፤ ዛሬም አንባቢዎቹ በየዓመቱ ታሪኩ በሚፈጸምበት ቀን፣ ጁን 16፣ የገጸ ባሕርያቱን እርምጃ ተከትለው በከተማዋ ይዞራሉ።

ስሕተትና ፈጠራ ግን መለየት አለባቸው። ሸርሎክ ሆምስ ይኖርበታል የተባለው የለንደኑ ቤከር ጎዳና እውነተኛ ጎዳና ሲሆን፣ ታሪኮቹ መጻፍ በጀመሩበት ጊዜ ግን 221ቢ የሚባል የቤት ቁጥር በጎዳናው ላይ አልነበረም። ይህ ማንንም አላስከፋም፤ ፈጠራው በእውነተኛው ጎዳና ላይ ተቀጥሎ የበቀለ እንጂ ጎዳናውን የሚያፈርስ አልነበረምና። ከጊዜ በኋላ የጎዳናው ቁጥር ሲጨምር፣ በስፍራው ይሠራ የነበረ የገንዘብ ተቋም ለሆምስ ለሚላኩ ደብዳቤዎች መልስ የሚሰጥ ሠራተኛ እስከ መመደብ ደርሷል።

ወደ ጎጃም ልመለስ፤ የቦታ እውቀት ከደስታም አልፎ የታሪኩን ትርጉም የሚያጠልቅበት ምሳሌ እዚያ አለና። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አባይን መሻገሩ ግድ ነው። በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል ያለውን ሸለቆ በመኪና ያቋረጠ ሰው፣ መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ሲወርድ ደጋው ቀርቶ ቆላው ሲመጣ፣ ጆሮው ሲደፈን፣ ሹራቡን ሲያወልቅ፣ ከታች ሆኖ ደግሞ ገና የሚወጣውን ገደል ቀና ብሎ ሲያይ የሚሰማውን ያውቃል። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ወጥታ ወደ ሸዋ ስትነሣ፣ ሸለቆውን ያላየ አንባቢ አንዲት ልጅ ረጅም መንገድ ጀመረች ብሎ ያነባል። ሸለቆውን ያየ አንባቢ ግን በጌታ ቤት ያደገች፣ ረጅም መንገድ በእግሯ ሄዳ የማታውቅ ልጅ ምን እንደሚጠብቃት ከእሷ በፊት ያውቃል፤ ልቡም ከእሷ በፊት ይፈራል። ደራሲው ስለ ፍቅሯ ጽኑነት ብዙ ገጽ ቢጽፉ እንኳ፣ ያ ሸለቆ የሚናገረውን ያህል ላይናገሩ ይችላሉ። ልብ ወለዱ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ፣ ደብተራውም ገበሬውም የራሱን ወንዝ ስም በሬዲዮ የሰማው በዚህ ዓይነት ነው፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎችም ከደስታው ተካፍለዋል።

የደስታው ሌላ ሥር ክብር ነው። ሰው የተወለደበት ሰፈር ለመጽሐፍ እንደማይበቃ ሳይነገረው አምኖ ሊያድግ ይችላል፤ በትምህርት ቤት የሚያነባቸው ታሪኮች በሩቅ አገር ወይም በነገሥታት ግቢ የሚፈጸሙ ከሆነ፣ የሰፈሩ ጉሊትና የጠላ ቤቱ አግዳሚ ወንበር ታሪክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ይመስሉታል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው ስለ ውቤ በረሃ ነው። ይህ የአራዳ ሰፈር ስሙን ከደጃዝማች ውቤ ያገኘ፣ በንጉሡ ዘመን በቡና ቤቶቹና በሌሊት ሕይወቱ የታወቀ፣ ጨዋ የሚባለው ሰው በቀን ስሙን ጮክ ብሎ የማይጠራው ሰፈር ነበር። ሥራው በሳንሱር ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይታተም ቆይቷል። ሲነበብ ግን በዚያ ይኖሩ የነበሩ ሴቶች ድካምና ጨዋታ፣ ቀልዳቸውና ብቸኝነታቸው በወረቀት ላይ ተገኘ። ሰፈሩን የሚያውቅ አንባቢ ደስ የተሰኘው ሰፈሩ ስለተመሰገነ አልነበረም፤ ማንም አላመሰገነውም። ደስ ያለው ሰፈሩ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነገር ሆኖ ስለተገኘ ነው። ግብፃዊው ነጂብ ማሕፉዝም በ1956 እና በ1957 እ.ኤ.አ. ያሳተሟቸውን ሦስት ተከታታይ ልብ ወለዶች የሰየሙት በአሮጌይቱ ካይሮ ባሉ እውነተኛ ጎዳናዎች ስም ነበር፤ አንድ የካይሮ ነዋሪ የሚኖርበትን መንገድ ስም በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ማየቱ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ይህ ሁሉ ሲባል ግን ደስታው ሁልጊዜ ንጹሕ ደስታ ነው ማለት አይደለም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ፣ ፍቅሩንም የዘመቻውንም ዝግጅት አስመራ ላይ ያስቀምጣል። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። አስመራን በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ የሚያገኙት አንባቢዎች አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። በዚያ ዘመን በከተማዋ በመንግሥት ሥራ ወይም በውትድርና ያገለገለው ኢትዮጵያዊ ዘንባባ የተተከለበትን ዋና ጎዳናና የማኪያቶውን ሽታ ያስታውሳል፤ እዚያው ተወልዶ ያደገው የከተማዋ ልጅ ኮምቢሽታቶ የሚለውን ያንኑ ጎዳና ሲያስታውስ የሰዓት እላፊውንና ተወስደው የቀሩትን የሰፈሩን ልጆች አብሮ ያስታውሳል። አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ጎተራዎችን ይከፍታል፤ ከአንደኛው የሚወጣው ከሁለተኛው ከሚወጣው ጋር ላይታረቅ ይችላል። በ1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተነሥቶ መንገዱና በረራው ሲዘጋ፣ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል፣ ቀድሞ አስመራ ላይ የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ያችን ከተማ የሚጎበኙበት መንገድ ትዝታቸውና ይህ መጽሐፍ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ጊዜ ንባብ የተዘጋ ድንበር ማቋረጫ ይሆናል፤ የሚያስደስተውን ያህልም ያማል።

በውጭ አገር ለሚኖረው ወገናችን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዲናው መንግሥቱ በ2007 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዋና ገጸ ባሕርይ በአብዮቱ ዘመን ከኢትዮጵያ የተሰደደ፣ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል በሚባል አደባባይ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዳ የኖረ ኢትዮጵያዊ ይህን አደባባይ በመሪው ያውቀዋል፤ ቬርሞንትና ሮድ አይላንድ የሚባሉት ሰፋፊ ጎዳናዎች እዚያ ላይ ተገናኝተው እንደሚለያዩ፣ ሰፈሩም ድሮ የድሃ ሰፈር እንደነበረና በኋላ የቤት ኪራዩ እየናረ ነባሮቹን ነዋሪዎች እንደገፋቸው በዓይኑ አይቷል። ሆኖም ያ አደባባይ ለብዙ ዘመን የሚያልፍበት መንገድ እንጂ የእሱ ቦታ አልነበረም። አንድ የአገሩ ሰው፣ የፈጠራ ሰው እንኳ ቢሆን፣ በዚያ ሱቅ ከፍቶ ሲቀመጥና በመስኮቱ ወደ አደባባዩ ሲመለከት ሲያነብ፣ በዚያ ምድር የእኛም ሰው ኖሯል የሚል ምስክር ያገኛል። ማንኩሳን የሚያውቅ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ያወቀውን አገር ነው የሚያገኘው፤ ሎጋን ሰርክልን የሚያውቀው ስደተኛ ግን ሲያልፍበት የኖረውን ቦታ የራሱ ሲሆን ያየዋል።

ስም መጥራት ብቻውን ግን ይህን ሁሉ አያደርግም። ቦሌን፣ መርካቶን፣ ሳሪስን በአንድ ገጽ ላይ የሚደረድር፣ ነገር ግን ገጸ ባሕርያቱን ከየትኛውም ከተማ ሊያስቀምጣቸው በሚችል ክፍል ውስጥ የሚያነጋግር ጽሑፍ አለ። አንባቢው የመጀመሪያውን ስም ሲያይ ይነቃል፣ ሁለተኛውን ሲያይ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ላይ ይተወዋል። ቦታው በታሪኩ ላይ አንድ ነገር ካላደረገ፣ ማለትም ካላደከመ፣ ካላዘገየ፣ ካላገናኘ ወይም ካልደበቀ፣ ስሙ የአድራሻ ያህል ብቻ ያገለግላል።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አጠገብ የነበረው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ተከተለ። ስለ መልሶ ማልማቱ የሚባለውን እዚህ አላነሣም፤ ለንባብ ያመጣው ለውጥ ግን ከርእሳችን የሚገባ ነው። እስከ ትናንት ድረስ እነዚህን ሰፈሮች በልብ ወለድ ያገኘ አንባቢ ከፈለገ ሄዶ ሊያመሳክራቸው ይችል ነበር። አሁን ማመሳከሪያው የሰው ትዝታ ብቻ ሆኗል፤ እኔ ራሴ አንድን ገጽ ሳነብ ቅያሱ ወደ ግራ ይሁን ወደ ቀኝ ግራ ገብቶኝ በዚያ ሰፈር ላደገ ወዳጄ ደውዬ አውቃለሁ። እሱም የጠየቅሁትን ከመመለሱ በፊት ስለ ቅያሱ ጭቃ፣ በክረምት ግድግዳውን ይዘው እንዴት ይወርዱ እንደነበርና ከቅያሱ ጫፍ ላይ ስለሚሸጥ ሻይ ግማሽ ሰዓት አወራኝ።

ዛሬ የሚወለድ የአዲስ አበባ ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ እነዚያኑ መጻሕፍት ሲከፍት ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ውቤ በረሃ የሚሉትን ስሞች ሲያነብ፣ ደራሲው ለታሪኩ እንዲስማሙ ብሎ የፈጠራቸው ሊመስሉት ይችላሉ፤ የሚጮኹ ሰዎች ጩኸት ከንቱ የሚሆንበት ሰፈር በእርግጥ «እሪ በከንቱ» ተብሎ ይጠራ ነበር ብሎ ማመን ይከብደዋልና። በዛብህን በማንኩሳ ስፈልግ እኔ መሬቱን ረግጬ ሰውየውን አጣሁት፤ እሱ ደግሞ ሰዎቹን በገጹ ላይ አግኝቶ መሬቱን ያጣዋል። ያን ጊዜ አጠገቡ ተቀምጠው «አዎ ልጄ፣ ነበረ እኮ፤ ከድልድዩ ወጣ ብለህ በስተግራ» የሚሉት አዛውንት ያስፈልጉታል።